በወንዝና በባሕር ዳር ስለሚደረግ የዓሣ ማጥመድ ሥራ፥ የዓሣውም ዘር ስለሚጠበቅበት ሥርዓት

የምዕራብ ጎጃም አገር በእህሉና በከብቱ፥ በማሩና በበርበሬው የታወቀ ነው። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ በግራና በቀኝ የበቈሎውን፥ የጤፉንና የዳጉሳውን ማሳ እያየ ያልፋል፤ ድልድይ በተሻገረ ቍጥር ግን ከድልድዩ ሥር በሚፈሰው ውኃ ውስጥ ሌላ አዝመራ እንዳለ የሚያስብ ጥቂት ሰው ነው። ይህም አዝመራ ዓሣ ነው። ዓሣ አይታረስም፥ አይታረምም፥ በሬና ሞፈርም አያስፈልገውም፤ ነገር ግን እንደ ማናቸውም አዝመራ የዘርና የመከር ወራት አለው። ገበሬው ዘሩን በበተነበት ማሳ ላይ ሰው ከብቱን ቢነዳበት ነገሩ ለዳኛ ይቀርባል። ዓሣው ዘሩን በሚጥልበት ወራት በመረብና በብርብራ ሲጠፋ ግን ጠያቂ የሌለበት ስፍራ ብዙ ነው።

ብዙ ሰው ዓሣ የሚጠፋው በባሕሩ መካከል ይመስለዋል። ጥፋቱ ግን ከሁሉ ይልቅ በውኃው ዳር፥ በአሸዋው፥ በጠጠሩና በአለቱ አጠገብ ነው። የውኃው ዳር ደግሞ የወረዳው ሹምና በዚያ መሬት የያዘው ሰው በየቀኑ የሚያዩት ስፍራ ስለ ሆነ፥ የዓሣው መኖርና መጥፋት በእነርሱ እጅ ነው ማለት ይቻላል።

ውኃው ስለሚሄድበት ወገን

በሰከላ ወረዳ በግሽ ዓባይ የሚፈልቀው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ታጥፎ ጣና ባሕር ይገባል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ወገን ያሉት ላህ፥ ብር፥ ተምጫና ፈጣም የሚባሉት ወንዞች ግን ወደ ደቡብ ወርደው በቆላው ከታላቁ ዓባይ ጋራ ይቀላቀላሉ። የግሽን ምንጭ ለማየት ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለው የእስጳንያ ካህን በ1610 ዓ.ም.፥ ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው ደግሞ በ1763 ዓ.ም. እዚያ ድረስ መጥተው ስለ ምንጩ ብዙ ጽፈዋል። ከእነርሱ አስቀድሞም ሆነ ከእነርሱ በኋላ ግን፥ ክረምት በገባ ቍጥር ከጣና ተነሥቶ ወደ ግልገል ዓባይ ሽቅብ የሚጓዝ ሌላ መንገደኛ አለ። እርሱም ዘሩን የሚጥልበት ስፍራ የሚፈልገው ዓሣ ነው።

ጣና ባሕር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ፥ ስፋቱም 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ውኃ ነው። ስፋቱ ይህን ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ግን እጅግ በጠለቀበት ስፍራ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዓባይ ከዚህ ባሕር ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ በጢስ እሳት ከ40 ሜትር ያህል ከፍታ ይወረወራል። ከፏፏቴው በታች ያለ ዓሣ ይህን ገደል ወጥቶ ወደ ጣና ሊገባ አይችልም። ስለዚህ የጣና ዓሣ ከጥንት ጀምሮ ከሌላው ተለይቶ ኖሮአል።

ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1825 ዓ.ም. ገደማ ወደ ጣና አገር መጥቶ ዓሦቹን መርምሮ ጻፈ። ከዚያም የሆላንድ አገር ሊቃውንት ከኢትዮጵያውያን ጋራ ሆነው በ1980ዎቹ ዓ.ም. ባደረጉት ምርመራ፥ ነጭ ዓሣ በሚባለው ወገን ውስጥ ብቻ 15 ልዩ ልዩ ዓይነቶች በጣና እንደሚገኙ አስረዱ። ከነዚህም አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይገኙም። ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። በአንድ ወረዳ የጠፋ የስንዴ ዘር ከሌላ ወረዳ ተበድሮ ይተካል፤ የጣና ነጭ ዓሣ ቢጠፋ ግን ከታች ወጥቶ የሚተካው፥ ከሌላ አገርም ተበድሮ የሚመጣ ዘር የለም።

ሦስት ዓይነት ዳር፥ ሦስት ዓይነት ዓሣ

የውኃ ዳር ሁሉ አንድ አይደለም። አሸዋ ያለበት፥ ሣርና ደንገል የበቀለበት፥ ጠጠርና አለት ያለበት ዳር አለ፤ ለየአንዳንዱም የራሱ ዓሣ አለው።

ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ጥልቀት በሌለው፥ አሸዋና ለስላሳ አፈር ባለበት ዳር ይራባል። ወንዱ በአፉና በጅራቱ አሸዋውን እየጠረገ እንደ ገበታ የከበበ ጕድጓድ ያበጃል። ሴቲቱ እንቍላሏን ከጣለች በኋላ በአፏ ትይዘዋለች፤ ግልገሎቹም ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ በአፏ ትጠብቃቸዋለች። ስለዚህ በዚህ ጊዜ አንዲት ሴት ቀረሶ በመረብ ብትያዝ የተያዘችው አንዲት ዓሣ ብቻ አይደለችም፤ በአፏ ያለው ትውልድ ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

አምባዛ በበኩሉ ክረምት ሲገባ ውኃው ወጥቶ ወደሚያጥለቀልቀው ሣራም ዳር በሌሊት ይመጣና በሣሩ መካከል ዘሩን ይጥላል። አምባዛ ከውኃው በላይ ያለውን አየር መሳብ የሚችል ስለ ሆነ በደፈረሰና በጭቃማ ውኃ ውስጥ ይኖራል። እጅግ ከታገሡት ዓሦች አንዱ ይህ ነው።

ነጭ ዓሣ ግን እንደ አምባዛ ታጋሽ አይደለም። በጣና ካሉት ነጭ ዓሦች ቢያንስ 7ቱ ዓይነቶች በክረምት መጀመሪያ በወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜም ወንዙን ሽቅብ ይወጣሉ። እንቍላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውኃ ፈጥኖ በሚፈስበት በጠጠር ላይ ነው። እንቍላሉ በጠጠሩ መካከል ገብቶ ከሚያልፈው ውኃ አየር ያገኛል። ጠጠሩ በደለል ቢሸፈን ወይም ተዝቆ ቢወሰድ እንቍላሉ ታፍኖ ይሞታል። ከጣና ምሥራቅ ያሉት ጕማራና ርብ፥ በምዕራብ ጎጃም በኩል ያለው ግልገል ዓባይ፥ በሰሜንም መገጭና ድርማ ዓሣው የሚወጣባቸው ወንዞች ናቸው።

ከአሸዋው ላይ ሆኖ በመንጠቆ ስለ ማጥመድ

በወንዝ ዳር የሚያጠምድ ሰው የውኃውን ጠባይ ማወቅ አለበት። ወንዝ በሚታጠፍበት ስፍራ ውኃው በመታጠፊያው ውስጠኛ ወገን ስለሚዘገይ አሸዋውን እዚያ ያስቀምጣል። በውጭኛው ወገን ግን ውኃው በኃይል እየመታ አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል፤ አለቱ ብቻ ይቀራል፥ ውኃውም ይጠልቃል። ስለዚህ ብልኅ አጥማጅ በአሸዋው ላይ ቆሞ መንጠቆውን ወደ አለቱ ጥግ ይወረውራል። ዓሣው ከውኃው ግፊት ለማረፍና ወራጁ የሚያመጣለትን ምግብ ለመጠበቅ ከአለቱ ጀርባ ይቀመጣልና።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው። አንድ ጠንካራ ክር፥ አንድ መንጠቆ፥ ክሩን ወደ ታች የሚጎትት ትንሽ ድንጋይ፥ በመንጠቆውም ላይ የሚሰካ ትል ወይም የሊጥ እንክብል ይበቃል። ጧት ፀሐይ ሳይበረታና ማታ ሲመሽ ዓሣው ወደ ዳር ስለሚቀርብ ሥራው ይቀናል፤ አምባዛ ደግሞ በሌሊትና ውኃው በደፈረሰ ጊዜ ይያዛል። አጥማጁ በአሸዋው ላይ ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ የሰው ጥላ በውኃው ላይ ሲያርፍ ዓሣው ይሸሻል። «ዓሣ መብላት በብልኀት» የተባለው ለመብላት ብቻ ሳይሆን ለማጥመድም የሚሆን ነው።

አደጋም አለበት። በክረምት በአጥማጁ ራስ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም በደጋው የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ በድንገት ይመጣል፤ በአሸዋው መካከል የተቀመጠ ሰው መውጫ ሊያጣ ይችላል። ከጢስ እሳት በላይ በጣና አዞ የለም፤ ጉማሬ ግን አለ። ከቡሬ ወደ ወለጋ በሚያሻግረው መንገድ በኩል ባለው በዓባይ በረሃ ደግሞ አዞ በአሸዋው ላይ ፀሐይ ይሞቃል፥ እንቍላሉንም በአሸዋው ውስጥ ይቀብራል። ስለዚህ ልጆች ከብት ሲያጠጡ ወደ አሸዋው ብቻቸውን እንዳይወርዱ ማስጠንቀቅ የሹማምንቱም የወላጆችም ግዴታ ነው።

በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ዓሣ ይይዛል፤ የያዘውም ትንሽ ቢሆን መልሶ መልቀቅ ይችላል። ይህ ሥራ መሬት የሌለውን ወጣት፥ አዝመራው የከዳውንም ገበሬ በክፉ ቀን ይረዳል፤ ወንዙን ግን ባዶ አያስቀርም። በጣና ዳር ያሉት የወይጦ ሰዎች ከደንገል በሚሠሩት ታንኳ ለብዙ ዘመን ሲያጠምዱ ኖረዋል፤ ዓሣውም ከእነርሱ ጋራ ኖሮአል።

የዓሣው ዘር የተጎዳበት ምክንያት

በ1978 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረቦች ገቡ። የታሰበው መልካም ነበር፤ ብዙ ዓሣ ለገበያ ቀረበ፥ ለብዙ ሰውም ሥራ ተገኘ። ዓሣውን በብዛት ለመያዝ የሚመቸው ስፍራና ጊዜ ግን በክረምት የወንዙ አፍ ሆኖ ተገኘ፤ ዘሩን ሊጥል የተሰበሰበው ዓሣ በአንድነት የሚገኘው እዚያ ነውና። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ዘመን የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው፥ ወደ ወንዝ የሚወጣው የነጭ ዓሣ ብዛት ከ4 እጅ 3 እጁ ያህል ቀነሰ። ከዚያም በኋላ ዓይናቸው የጠበበ ስስ መረቦች በመብዛታቸው ያልደረሰው ዓሣ ሳይቀር ይያዝ ጀመር።

ሁለተኛው ጥፋት የብርብራ ነው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃው በሚተኛበት ስፍራ ሲበተን፥ በውስጡ ያለው ሮቴኖን የሚባል መርዝ ዓሣው አየሩን እንዳይጠቀም ያደርገዋል። ዓሣው እያፈነ ወደ ላይ ይወጣል፥ ሰዎችም በእጅና በቅርጫት ይለቅሙታል። በመንጠቆ የሚያጠምድ ይመርጣል፤ ብርብራ ግን አይመርጥም። ትልቁም፥ ትንሹም፥ ገና የተፈለፈለውም፥ ዓሣው የሚመገበውም የውኃ ትል አብሮ ያልቃል። ከተለቀመው ዓሣ ይልቅ ሳይታይ በሥር የሚቀረው ይበዛል። ብርብራ ዛፉ ራሱ ግን ለመሬት የሚጠቅም፥ ለቡናም ጥላ የሚሆን ስለ ሆነ ዛፉን መቍረጥ አይገባም፤ የሚከለከለው ፍሬውን በውኃ ላይ መበተን ነው።

ሦስተኛው የአሸዋና የጠጠር ማውጣት ነው። ከተሞች እየሰፉ በሄዱ ቍጥር ለቤት ሥራ የሚፈለገው አሸዋ በዝቶአል። መኪና ወደ ወንዙ ወርዶ አሸዋውንና ጠጠሩን ሲጭን የዓሣውን የዘር ማሳ ጭኖ ይሄዳል፤ የተናወጠውም ደለል ከታች ያለውን ጠጠር ይሸፍናል።

አራተኛው የውኃ ነገር ነው። መስኖ ለአገር ታላቅ ጥቅም እንዳለው የሚጠራጠር የለም። በመራዊ አጠገብ በቆጋ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ 7,000 ሔክታር መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የቆጋም ወንዝ ወደ ግልገል ዓባይ የሚገባ ነው። ሆኖም ግድብ የዓሣውን መንገድ ይዘጋል፤ በበጋም በሞተር የሚሳበው ውኃ ሲበዛ ወንዙ ተቈራርጦ ግልገሎቹ በየኵሬው ይቀራሉ። በ2004 ዓ.ም. በጣና ላይ የታየው እንቦጭ ደግሞ ዳሩን እየሸፈነ ለዓሣውም ለታንኳውም መንገድ አሳጥቶአል።

ከሌላ አገር የተገኘ ትምህርት

በቪክቶሪያ ባሕር ኒንጉ የሚባል ዓሣ ነበረ። እርሱም እንደ ጣናው ነጭ ዓሣ በዝናብ ወራት ወደ ወንዝ እየወጣ ዘሩን የሚጥል፥ በዙሪያው ላሉት ሕዝቦችም የታወቀ ምግብ ነበር። በ20ኛው የአውሮፓ መቶ ዓመት መጀመሪያ መረብ ወደዚያ ባሕር ከገባ በኋላ ሰዎች በወንዞቹ አፍ መረብ እየዘረጉ ሊወልድ የሚወጣውን ዓሣ ያዙ። ለጥቂት ዓመታት ገበያው ደመቀ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዓሣው ፈጽሞ ተመናመነ፥ ያ ዓሣ የማጥመድ ሥራም ወደቀ። እዚያ የደረሰው ነገር በጣና እንዳይደርስ የሚከለክል የተፈጥሮ ምክንያት የለም፤ የሚከለክለው የሰው ጥንቃቄ ብቻ ነው።

ለሹማምንትና ለወንዝ ዳር ባለ ይዞታዎች የሚገባ ሥራ

በ1995 ዓ.ም. በቍጥር 315 የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ዐዋጅ ዓሣ የማጥመድን ሥራ በሥርዓት አድርጎአል። የጣናም ባሕር ከዙሪያው አገር ጋራ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ የተጠበቀ የሕይወት ሀብት ስፍራ ሆኖ ተጽፎአል። ዐዋጅና መዝገብ ግን በወንዙ ዳር ቆሞ የሚያስከብረው ሰው ካላገኘ በወረቀት ላይ ይቀራል። ስለዚህ የሚከተለውን መፈጸም ይገባል።

1ኛ፤ ዓሣው ዘሩን የሚጥልበትን ጠጠርማ ስፍራ ሽማግሌዎችንና አጥማጆችን ጠይቆ ማወቅና ምልክት ማድረግ። ያልታወቀ ስፍራ አይጠበቅም።

2ኛ፤ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ በወንዝ አፍና ከዳር እስከ ዳር ወንዙን በሚዘጋ ሁኔታ መረብ እንዳይዘረጋ መከልከል። ክልከላው ከሰኔ አስቀድሞ በገበያና በቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢ ይነገር፤ ሳይነገረው የተቀጣ ሰው ቅጣቱን እንጂ ምክንያቱን አይማርም።

3ኛ፤ ብርብራን በውኃ ላይ መበተን በማናቸውም ወራት መከልከል። በተለይም በጥርና በግንቦት መካከል ወንዙ ወደ ኵሬ በሚቈራረጥበት ጊዜ መጠበቅ፤ በኵሬው የቀረው ዓሣ ለሚመጣው ክረምት የተቀመጠ ዘር ነው።

4ኛ፤ አሸዋ የሚወጣበትን ስፍራ ለይቶ መስጠት፤ ዓሣው ከሚወልድበት ጠጠርና ውኃው ከሚፈስበት መካከል ግን አለመፍቀድ።

5ኛ፤ ወንዙን ለመስኖ የሚጠልፉ ሰዎች ሁሉንም ውኃ እንዳይወስዱ፥ ወንዙ እንዳይቈረጥ የሚበቃው እንዲቀር በስምምነት መወሰን። የሣሩንና የዛፉን ዳር እስከ ውኃው ድረስ አርሶ አለመጨረስም ከዚሁ ጋራ የሚቈጠር ነው፤ በዳር ያለ ሣር ደለሉን ይይዛልና።

6ኛ፤ በገበያ የሚወርደውን ዓሣ በየዓይነቱና በየመጠኑ እየቈጠሩ መጻፍ። እህል በቍና እንደሚለካ ዓሣም ካልተቈጠረ መቀነሱ የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው።

በዚህ ሁሉ ፍርዱ የቀና ሊሆን ይገባል። መንጠቆ ይዞ በአሸዋው ላይ የተቀመጠውን ደኻ ማሳደድ ቀላል ነው፤ በሌሊት የወንዙን አፍ በመረብ የሚዘጋውን ባለ ገንዘብ መጠየቅ ግን ድፍረት ይፈልጋል። ሹሙ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደኻውን ትቶ ሁለተኛውን ከጠየቀ፥ አጥማጆቹ ራሳቸው የወንዙ ጠባቂዎች ይሆናሉ፤ የነገ እንጀራቸው በዚያ ውኃ ውስጥ ነውና።

ዓሣው ከተያዘ በኋላም እንዳይባክን ያስፈልጋል። በሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ ሆድ ዕቃው ወዲያው ይውጣ፥ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ ገበያው ሩቅ ቢሆን በጨው ታሽቶ በፀሐይ ይድረቅ። በዐቢይ ጾም ወራት የዓሣ ፈላጊ በየከተማው ስለሚበዛ በደንብ የተያዘ ጥቂት ዓሣ በግዴለሽነት ከተያዘ ብዙ ዓሣ ይልቅ ገንዘብ ያመጣል። የሚባክነው ዓሣ ሲቀንስ ከውኃው የሚወጣውም ይቀንሳል።

የአገራችን ሰው «ዓሣ ግማቱ ከወደ ዐናቱ» ይላል። ይህ ስለ ሹመት የተነገረ ቢሆንም ስለ ወንዝም እውነት ነው። የጣና ዐናቱ በየደጋው የሚወርዱት ወንዞች ናቸው፤ ከነዚህም ዋናው ከሰከላ ይነሣል። በወንዙ ራስ ያለው ጠጠር ንጹሕ ሆኖ ውኃው ሳይቈረጥ ቢጠበቅ፥ በሐምሌ የወጣው ዓሣ በጥቅምት ልጆቹን ይዞ ይመለሳል። በወንዙ ራስ ያለው ሹም ቸል ቢል ግን በባሕሩ ላይ ያለው አጥማጅ ምንም ቢተጋ ባዶ መረብ ይጎትታል።